አሥራ ሰባት ሺህ ደሴቶች እንዴት አንድ አገር ሆኑ? ስለ ኢንዶኔዥያ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ «ኢንዶኔዥያ ከ17,000 በላይ ደሴቶችና ከ700 በላይ ቋንቋዎች ያሏት አገር ናት ይባላል። ሆላንዶች ከመምጣታቸው በፊት አንድ አገር ነበረች ወይ? ካልነበረችስ እነሱ ሲወጡ ለምን አልተበታተነችም? ብዙኃኑ ጃቫውያን ሆነው ሳለ የመንግሥቱ ቋንቋ ስለ ምን ጃቫኛ አልሆነም?»

ሦስቱም ጥያቄዎች የተያያዙ ስለሆኑ አንድ ላይ እመልሳቸዋለሁ። አቋሜን ከመነሻው ለመግለጽ ያህል፣ የዛሬዋን ኢንዶኔዥያ ወሰን ያሰመሩት ሆላንዶች መሆናቸው አያከራክርም፤ በዚያ ወሰን ውስጥ ያለውን ሕዝብ አንድ ያደረጉት ግን እነሱ አይደሉም። አንድነቱ የተሠራው በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሲሆን፣ የተሠራውም በቁጥር የሚበልጠው ወገን ሁለት ጊዜ ድርሻውን በመተዉ ነው፤ አንድ ጊዜ በቋንቋ፣ ሌላ ጊዜ በሃይማኖት ጉዳይ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ መልክዓ ምድሩን እንይ። ኢንዶኔዥያ ከምዕራብ ጫፏ እስከ ምሥራቅ ጫፏ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትረዝማለች፤ የሰዓት አቆጣጠሯም በሦስት ክልል የተከፈለ ነው። ከደሴቶቿ መካከል ሰው የሰፈረባቸው 6,000 ገደማ ናቸው። ከትልልቆቹ ውስጥ ሱማትራ፣ ጃቫና ሱላዌሲ ሙሉ በሙሉ የእሷ ሲሆኑ፣ ቦርኒዮን ከማሌዥያና ከብሩናይ ጋር፣ ኒው ጊኒን ደግሞ ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ጋር ትጋራለች። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 270 ሚሊዮን ሰው የተቆጠረባት ይህች አገር በሕዝብ ብዛት ከዓለም አራተኛ ናት፤ የሙስሊም ነዋሪዎቿም ቁጥር ከማንኛውም አገር ይበልጣል። ጃቫ ከየብሱ 7 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዛ ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ ታኖራለች። ምክንያቱ አፈሩ ነው፤ እሳተ ገሞራዎቿ ሲፈነዱ ይገድላሉ፣ ከፈነዱ በኋላ ግን የተፉት አመድ መሬቱን አለምልሞ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሩዝ ለማምረት ያስችላል።

ባሕሩን እንደ መለያያ ያየ ሰው ይህን አገር ለመረዳት ይቸገራል። በኢንዶኔዥያኛ «አገራችን» ለማለት «ታናህ አይር» የሚል ቃል አለ፤ «ታናህ» መሬት ነው፣ «አይር» ደግሞ ውሃ ነው። ለእነሱ አገር ማለት መሬቱና ውሃው በአንድ ላይ ነው። በዚያ ባሕር ላይ ነፋሱ የዓመቱን እኩሌታ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ቀሪውን እኩሌታ ወደ ተቃራኒው ይነፍሳል። ከሕንድና ከዓረብ አገር የመጣው ነጋዴ ከቻይና ከመጣው ጋር የሚገናኘው በማላካ ወሽመጥ አካባቢ ሲሆን፣ ወደ አገሩ የሚመልሰው ነፋስ እስኪነሣ ድረስ ለወራት እዚያው መቆየት ነበረበት። ሲቆይ ይገበያያል፣ ያገባል፣ ሃይማኖቱን ያስተምራል፤ ለዚህ ሁሉ ደግሞ መግባቢያ ያስፈልገዋል። መግባቢያው በሱማትራ ምሥራቃዊ ጠረፍና በወሽመጡ ዙሪያ የሚነገረው ማላይኛ ሆነ። የስሪቪጃያ መንግሥት በሰባተኛው ክፍለ ዘመን በፓሌምባንግ ሲያብብ ድንጋይ ላይ ያስቀረጻቸው ጽሑፎች በጥንታዊ ማላይኛ የተጻፉ ናቸው፤ በ671 ወደ ሕንድ ሲጓዝ በዚያ ያለፈው ቻይናዊ የቡድሃ መነኩሴ ዪጂንግም ሳንስክሪት ለመማር ለስድስት ወር ያህል ተቀምጦበታል። ይህን ቋንቋ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ይመለሳል።

ከሆላንዶች በፊት አንድ አገር ነበረች ወይ ለሚለው፣ ለአዎንታ የሚጠቀሰው ማስረጃ ከ1293 ጀምሮ በምሥራቅ ጃቫ የገነነው የማጃፓሂት መንግሥት ነው። የመንግሥቱ ዋና ሹም ጋጃ ማዳ «ኑሳንታራን»፣ ማለትም ሌሎቹን ደሴቶች፣ እስካስገብር ድረስ «ፓላፓ» (ቅመም ነው ይባላል) አልቀምስም ብሎ መማሉ ይነገራል፤ በ1365 የተጻፈ አንድ የቤተ መንግሥት ግጥምም ከሱማትራ እስከ ኒው ጊኒ ጠረፍ ያሉ ብዙ ቦታዎችን የማጃፓሂት ገባር አድርጎ ይዘረዝራል። የዘመናችን የኢንዶኔዥያ መማሪያ መጻሕፍት ይህን ዝርዝር ይወዱታል። እኔ ግን ብዙ ክብደት አልሰጠውም። የቤተ መንግሥት ባለቅኔ ንጉሡን ሲያወድስ መርከብ የደረሰበትን ሁሉ ግዛት ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ግብር መላክ በአንድ ሕግና በአንድ አስተዳደር ሥር መኖር ማለት አይደለም። ማጃፓሂት ሲዳከም የወደብ ከተሞቹ አንድ በአንድ ሱልጣን አነገሡ፤ እስልምናም በአብዛኛው በጦር ሳይሆን በነጋዴና በመምህር እጅ ተስፋፋ። ባሊ በቀደመው የሂንዱ እምነቷ ጸናች። ከዚያ ቀደም ያለው የቡድሃ ዘመን ደግሞ በማዕከላዊ ጃቫ በስምንተኛውና በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የታነጸውን፣ ከ500 በላይ የቡድሃ ምስሎች ያሉትን የቦሮቡዱርን ታላቅ መቅደስ ትቶ አልፏል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ፣ አንድ አገር አልነበረችም፤ ለረጅም ዘመን አንድ ገበያ ነበረች የሚል ነው።

አውሮፓውያንን የሳበው ይኸው ገበያ ነው። ቅርንፉድ በምሥራቅ በኩል በሰሜን ሞሉካ ባሉ ጥቂት ደሴቶች፣ ገውዝ ደግሞ በባንዳ ደሴቶች ብቻ ይበቅል ነበር። ፖርቱጋሎች በ1511 ማላካን ያዙ። በ1602 የተቋቋመው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ተከተላቸው፤ በ1619 ዛሬ ጃካርታ በሆነችው ወደብ ላይ ባታቪያን መሠረተ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ገዢው ያን ፒተርስዞን ኩን በጦር መርከብ ወደ ባንዳ ዘመተ። የባንዳ ሰዎች ጥፋት ገውዛቸውን ለእንግሊዝና ለሌሎችም ነጋዴዎች መሸጣቸው ነበር። ከ15,000 ገደማ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ተገደሉ፣ በረሃብ አለቁ ወይም ተሰደው ተሸጡ፤ የቀሩት አንድ ሺህ ያህል ብቻ እንደነበሩ ይገመታል። ኩባንያው መሬቱን ለሆላንዳውያን አከፋፍሎ በባሪያ ጉልበት ማሳረስ ያዘ። በዚያው በባንዳ የምትገኘው ትንሿ የሩን ደሴት ላይ እንግሊዝ የይገባኛል ጥያቄ ስለነበራት፣ በ1667 በብሬዳ በተፈረመው ውል እንግሊዝ ሩንን ለሆላንድ ስትለቅ ከሆላንድ የቀማቻትን ማንሃተንን ይዛ ቀረች። በጊዜው ሆላንዶች የተሻለውን የወሰዱ ይመስላቸው ነበር።

«ሆላንድ ኢንዶኔዥያን 350 ዓመት ገዛች» የሚለው አነጋገር በኢንዶኔዥያውያን ዘንድም የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ በጥንቃቄ ሊወሰድ ይገባል። ኩባንያው በ1799 ከስሮ ሲፈርስ በእጁ የነበረው ጃቫ፣ ሞሉካና የተበታተኑ ወደቦች ናቸው። የሆላንድ መንግሥት ቦታውን ተረክቦ ወደ ውስጥ የገፋው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ልዑል ዲፖኔጎሮ ከ1825 እስከ 1830 በመራው የጃቫ ጦርነት ብቻ 200,000 ያህል ጃቫውያን አልቀዋል። በሱማትራ ሰሜናዊ ጫፍ ያለችው አቼ በ1873 ተወርራ ለመገዛት አሻፈረኝ እንዳለች አዲሱ ክፍለ ዘመን ገባ። የደቡብ ባሊ መሳፍንት በ1906 ነጭ ለብሰው ከነቤተሰባቸው ወደ ተተኮሰው ጥይት እየተራመዱ ሞትን መረጡ። ዛሬ በካርታ ላይ የምናየው ወሰን በአንድ ገዥ ሥር ሙሉ ሆኖ የተጠቃለለው በ1910 ግድም ነው ማለት ይቻላል፤ ጃፓኖች ደግሞ በ1942 ደርሰዋል። ለአንድ ሕዝብ መፈጠር ሠላሳ ዓመት አጭር ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቡና ትንሽ ልበል፤ ጉዳዩ ለእኛ ቅርብ ነውና። መነሻው የእኛ ደን የሆነውን ቡና ሆላንዶች በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በየመን በኩል ወደ ጃቫ አደረሱት። ከ1830 በኋላ የቅኝ ገዥው መንግሥት እያንዳንዱ መንደር ከመሬቱ አንድ አምስተኛውን ለቡና፣ ለሸንኮራ አገዳና ለሌሎች ለውጭ ገበያ ለሚቀርቡ ተክሎች እንዲያውል፣ ምርቱንም በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ አስገደደ። በተግባር ከአንድ አምስተኛው የሚበልጥ መሬትና ጉልበት ይወሰድ ነበር፤ ሩዝ የሚዘራበት ጊዜ እየታጣ በ1840ዎቹ በጃቫ ረሃብ ገብቷል። ከ1831 እስከ 1877 ወደ ሆላንድ ግምጃ ቤት የተላከው ትርፍ ከ800 ሚሊዮን ጊልደር ይበልጣል። በምዕራብ ሱማትራ በሚናንግካባው ሕዝብ ዘንድ እስከ ዛሬ «ካዋ ዳውን» የሚባል መጠጥ አለ፤ የቡና ቅጠል በእሳት ደርቆ ይፈላና በኮኮናት ቅርፊት ይጠጣል። የአገሩ ሰው ሲተርከው፣ ፍሬው ለገዥው ተቆጥሮ ስለሚሄድ ለአምራቹ የተረፈው ቅጠሉ ነበር ይላል። በሐረር ቁቲ፣ በከፋ ጨሞ የሚጠጣ ሰው ጣዕሙ እንግዳ አይሆንበትም።

አሁን ወደ ቋንቋው ልመለስ፤ የጥያቄው እምብርት እሱ ነውና። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሆላንዶች ለአስተዳደራቸው ጸሐፊና ሐኪም ስላስፈለጋቸው ለጥቂት የአገሬው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከሱማትራ፣ ከጃቫ፣ ከሱላዌሲና ከአምቦን የመጡ ወጣቶች በባታቪያና በባንዱንግ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ ሁሉም በአንድ መዝገብ «የአገሬው ተወላጅ» ተብለው ከአውሮፓውያን በታች መመደባቸውን ያወቁት እዚያ ነው። እነዚህ ወጣቶች ጥቅምት 28 ቀን 1928 በባታቪያ ባደረጉት ጉባኤ ሦስት ነገር ቃል ገቡ፦ አንድ አገር፣ አንድ ሕዝብ፣ እንዲሁም ኢንዶኔዥያኛ የተባለ የአንድነት ቋንቋ። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ከሁለቱ መለየቱን ልብ ይሏል፤ «አንድ ቋንቋ አለን» አላሉም፣ «የአንድነትን ቋንቋ እናከብራለን» አሉ እንጂ። ስለዚህም ጃቫኛው፣ ሱንዳኛው፣ ባሊኛው በየቤቱ እንዳለ ቀረ። ኢንዶኔዥያኛ ብለው አዲስ ስም ያወጡለት ያው የወደቡ ማላይኛ ነበር። ከራሳቸው ከጉባኤተኞቹ መካከል ብዙዎቹ ከዚህ ቋንቋ ይልቅ ሆላንድኛ ይቀናቸው እንደነበር ሳስብ ውሳኔው የበለጠ ያስደንቀኛል።

ጃቫኛ ለምን ቀረ? ጃቫውያን በዚያን ጊዜ ከሕዝቡ ግማሽ ሊሆኑ ትንሽ የቀራቸው፣ የረጅም ዘመን ሥነ ጽሑፍና የራሳቸው ፊደል ያላቸው ሕዝብ ነበሩ፤ ማላይኛ አፉን የፈታበት ሰው ግን በንጽጽር ጥቂት ነበር። አንዱ ምክንያት ፖለቲካ ነው፤ ሱማትራዊውና አምቦኑ በጃቫኛ እንዲተዳደሩ ቢጠየቁ ገዥ ከመቀየር ያለፈ ለውጥ አያዩበትም ነበር። ሌላው ምክንያት ከቋንቋው ከራሱ ይመጣል። እኛ «በላህ» ያልነውን «በሉ» ብለን በግሱ ርባታ አክብሮትን እንለያለን። በጃቫኛ ግን ቃሉ ራሱ ይለወጣል፤ ለእኩያና ለታናሽ «ማንጋን» የተባለው መብላት፣ በትሕትናው ንግግር «ነዳ»፣ ለተከበረ ሰው ሲሆን «ዳሃር» ይሆናል፤ ይህም በብዙ መቶ ቃላት ላይ ይሠራል። ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ከፊቱ ያለው ሰው ከእሱ በላይ ይሁን በታች መወሰን አለበት። ሰው ሁሉ እኩል ነው ለሚል የነጻነት እንቅስቃሴ ይህ አስቸጋሪ መሣሪያ ነው፤ በኋላ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑትን ሱካርኖን ጨምሮ ጃቫውያኑ መሪዎችም ይህን ያውቁ ነበር። ማላይኛ ግን የገበያ ቋንቋ ስለነበረ የማንም ዙፋን ጥላ አልተጫነውም። በነገራችን ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም፤ «ዱኒያ» ዓለም ነው፣ «ዋክቱ» ጊዜ ነው፣ «ኪታብ» መጽሐፍ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች አፍ ዐረብኛ ተውሰዋል።

የቀረውን ሥራ ሳያስቡት ያገዙት ጃፓኖች ናቸው። በ1942 ሲገቡ ሆላንድኛን ከለከሉ፤ ጃፓንኛን በአንድ ሌሊት ማስተማር ስለማይቻል ትምህርት ቤቱም፣ ጽሕፈት ቤቱም፣ ሬዲዮውም በኢንዶኔዥያኛ መሥራት ግድ ሆነበት። ወረራው ራሱ በግዳጅ ሥራና በረሃብ እጅግ ብዙ ሕይወት የቀጠፈ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

ሁለተኛው መተው የተፈጸመው በነሐሴ 1945 በአንድ ማለዳ ነው። ጃፓን እጅ እንደሰጠች ሱካርኖና በኋላ ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ሀታ ነሐሴ 17 ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በጃካርታ በሱካርኖ መኖሪያ ቤት ደጃፍ ነጻነትን አወጁ። ወሩ ረመዳን ነበር፤ ሱካርኖ ወባ አሟቸው ነበር፤ የተሰቀለውን ቀይና ነጭ ሰንደቅ የሰፉት ባለቤታቸው ፋትማዋቲ ናቸው፤ የአዋጁም ቃል ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። በማግሥቱ ሕገ መንግሥቱ መጽደቅ ነበረበት። በሰኔ ወር በተስማሙበት መግቢያ ላይ፣ መንግሥቱ በአምላክ ማመንን መሠረት እንደሚያደርግ ከተገለጸ በኋላ «የእስልምና ተከታዮች ሸሪዓን የመፈጸም ግዴታ እንዳለባቸው» የሚገልጹ፣ በቋንቋቸው ሰባት ቃላት የሆኑ ሐረጎች ነበሩ። ሀታ ከምሥራቅ ያሉት ክርስቲያኖች ይህ ከጸና ከሪፐብሊኩ ጋር እንደማይሆኑ የሚገልጽ መልእክት ደረሳቸው። እሳቸው ራሳቸው ከሚናንግካባው የወጡ አጥባቂ ሙስሊም ነበሩ። ስብሰባው ከመከፈቱ በፊት የሙስሊም መሪዎችን ጠርተው አነጋገሩ፤ ሰባቱ ቃላት ተሰርዘው በምትካቸው «አንድ በሆነው አምላክ ማመን» የሚለው ገባ። ከሕዝቡ ከአሥር ስምንት ዘጠኙ ሙስሊም በሆነበት አገር ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም ባሉት ዓመታት ውሳኔውን በመቃወም በምዕራብ ጃቫ፣ በአቼና በደቡብ ሱላዌሲ ጦር የመዘዙ አሉ። ቃላቱ ግን አልተመለሱም።

ሆላንድ ለመመለስ ሞክራ አራት ዓመት ተዋጋች፤ በ1949 ታኅሣሥ ወር ሥልጣን ስታስረክብ ከ4 ቢሊዮን ጊልደር በላይ ዕዳ አብራ አሸከመቻቸው። ያቋቋመችላቸው የፌደራል አወቃቀር የከፋፋይ ሥራ ተደርጎ ስለተቆጠረ በአንድ ዓመት ውስጥ ፈረሰ፤ «ፌደራል» የሚለው ቃል በዚያ አገር ፖለቲካ መልካም ስም ያላገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1955 ኢትዮጵያን ጨምሮ 29 የእስያና የአፍሪካ መንግሥታት የተገኙበት የባንዱንግ ጉባኤ የሱካርኖ ዘመን ከፍታ ነበር። ዘመኑ የተዘጋው በደም ነው። በ1965 መስከረም 30 ሌሊት ስድስት ጄኔራሎች ሲገደሉ ጦሩ ድርጊቱን በኮሚኒስት ፓርቲው ላይ አላከከ፤ በቀጣዮቹ ወራት ቢያንስ 500,000 ሰው እንደተገደለ ይገመታል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ተነሥቶ የፈጃቸው ናቸው። ከዚያ የወጣው የጄኔራል ሱሃርቶ አገዛዝ እስከ ግንቦት 1998 ቆየ። የተማሪው ተቃውሞና የገንዘቡ ቀውስ ባይገጣጠሙ ኖሮ ከዚያም ይቆይ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ሱሃርቶ ሲወድቁ አገሪቱ ትበታተናለች ብለው የጻፉ ጥቂት አልነበሩም፤ አንድ ቦታ ብቻ ወጣ። ምሥራቅ ቲሞር የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ስለነበረች በ1928ቱ ጉባኤም፣ በ1945ቱ ማለዳም ድርሻ አልነበራትም፤ በ1975 በወረራ ተጨመረች፤ ከ100,000 በላይ ሰው በጦርነትና በረሃብ ካለቀባት በኋላ በነሐሴ 1999 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 78.5 በመቶው መራጭ መለየትን መረጠ። አቼ በአንጻሩ ለሪፐብሊኩ የመጀመሪያውን አውሮፕላን መግዣ ወርቅ ያዋጣች ናት፤ በኋላ በተፈጥሮ ጋዟ ገቢና በጦሩ ግፍ ተቆጥታ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተዋጋች። ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 የመጣው ሱናሚ ከ160,000 በላይ ሰው ከጨረሰ ከስምንት ወር በኋላ፣ በሄልሲንኪ በተፈረመ ስምምነት ሰፊ የራስ አስተዳደር አግኝታ ቀረች። በኒው ጊኒ ምዕራባዊ እኩሌታ ያለችው ፓፑዋ ግን እስካሁን አልበረደችም፤ በ1969 ከኢንዶኔዥያ ጋር ስለ መሆን ሕዝቡን ወክለው እንዲወስኑ የተመረጡት ከሺህ ጥቂት የበለጡ ሰዎች በጦሩ ፊት እጅ አውጥተው ነው ድምፅ የሰጡት። የእኔን መልስ ለመፈተን የሚፈልግ ሰው እነዚህን ሦስት ቦታዎች ያነጻጽር።

ከ1999 በኋላ የወጡት ሕጎች ሥልጣንና በጀትን ከጃካርታ ሲያወርዱ ትልልቆቹን ክፍለ አገሮች አልፈው ለወረዳዎች መስጠታቸውም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ወረዳ ለመገንጠል ያንሳል፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለማስተዳደር ግን ይበቃል። በቅርቡ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃዋ እየተሳበ ወደ ታች በምትሰጥመው ጃካርታ ፋንታ አዲስ መዲና በቦርኒዮ ምሥራቃዊ ክፍል እየተሠራ ነው፤ በነሐሴ 2024 የነጻነት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያም ተከብሯል። ከተማዋ ኑሳንታራ ተብላለች። ጋጃ ማዳ ሲምል ቃሉ «ከጃቫ ውጭ ያሉት ሌሎቹ ደሴቶች» ማለት ነበር፤ ዛሬ ትርጉሙ ጃቫን ጨምሮ ደሴቶቹ በሙሉ ነው።